ከሰራፕታ የእርዳታ ማዕከል፦ ስለ ወይዘሮ ኦዴሊያ ፕሪጃን ዕረፍትና ተራ ስላልደረሰው ቤታቸው

በፖይንት ቪዳል ከተማ የሰራፕታ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአደጋ ጊዜ እርዳታ ማዕከል ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የማዕከሉን የተራ መዝገብ ለሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የያዙት ወይዘሮ ኦዴሊያ ፕሪጃን በስድሳ አራት ዓመታቸው፣ ጁን 11 ቀን ረፋድ ላይ፣ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለማዕከሉ አገልጋዮች፣ ለምእመናን፣ ከየግዛቱ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞችና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው።

ይህ መግለጫ መውጣት የነበረበት ጁን 12 ቀን ነው። የወጣው ግን ዛሬ፣ ጁን 22 ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በዕለቱ ተጽፎ ነበር፤ አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ለዓይን የሚያምር ጽሑፍ ነበር። እንደ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ሂዩስተን ለሚኖሩት ለአንድያ ልጃቸው ለወይዘሮ ሮሼል ፕሪጃን በስልክ ተነበበላቸው። አንባቢው “መኖሪያቸውን በማዕከሉ ውስጥ አድርገው በደስታ አገለገሉ” ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሲደርሱ ወይዘሮ ሮሼል አስቆሟቸው።

“ቆይ፣ ቆይ። ‘በደስታ’ ያላችሁት ማን ነግሯችሁ ነው? እናቴ ነግራችኋለች?”

አልነገሩንም ተባሉ።

“እንግዲያው ቃሏን አውጧት። ስታወጧት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ እውነቱን ጻፉበት። ያ ካልሆነላችሁ ምንም አትጻፉ፤ ዝም በሉ። ዝም ማለቱን እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።”

ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተወያይቷል። ከአባላቱ መካከል የሀዘን መግለጫ የሟችን አገልግሎት ዘርዝሮ ቤተሰብን ያጽናናል እንጂ የኮሚቴ ገመና አያወጣም ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ የልጃቸው ጥያቄ በድምፅ ብልጫ ተቀባይነት አግኝቷል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከተለመደው ይረዝማል፤ አንባቢ እንዲታገሠን በትሕትና እንጠይቃለን።

ወይዘሮ ኦዴሊያ የተወለዱትና ያደጉት እዚሁ ከተማችን ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ለሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ያዥ ሆነው ሠርተዋል። በሰንበት ትምህርት ክፍል ሕፃናትን ያስተምሩ ስለነበር ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ሽበት ካበቀለው ሰው ግማሹ ስሙን መጻፍ የተማረው ከእሳቸው ነው፤ መጋቢያችን ፓስተር ካልቪን ዱሴም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ዊልፍሬድ ፕሪጃን ሽሪምፕ አጥማጅ ነበሩ። በፔሊካን ስርጥ መንገድ፣ ቁጥር 14 ያለውን ቤት ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት በእጃቸው ሠርተው ሚስታቸውን ያስገቡበት እሳቸው ናቸው። አቶ ዊልፍሬድ ከአውሎ ነፋስ ሮዛሊ ሁለት ዓመት አስቀድመው አርፈዋል። ቤቱን እንጂ ማዕበሉን አላዩም።

አገልግሎታቸው በአጭሩ እንደሚከተለው ነው፤ ዓመቱ የሚቆጠረው አውሎ ነፋሱ ከመታበት ቀን ጀምሮ ነው።

ኦገስት 28፣ የመጀመሪያው ዓመት። አውሎ ነፋስ ሮዛሊ ከተማችንን መታ። ከፔሊካን ስርጥ ቁጥር 14 የጣሪያው የባሕር ወገን እንዳለ ተነቅሎ ሄደ፤ ውኃው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ወለሉ አብጦ ተገለበጠ። ግድግዳውና ምሰሶው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወይዘሮ ኦዴሊያ ማዕበሉን ልጃቸው ዘንድ አሳልፈው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ።

ሴፕቴምበር 1። ማዕከሉ በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ጄኔሬተር ይዞ በተከፈተ በማግስቱ ወይዘሮ ኦዴሊያ የጣሪያ ሸራ ሊጠይቁ መጥተው እንደማንኛውም ሰው ተሰለፉ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ስማቸውን የመዘገቡት ዲያቆን ሃርሊስ ጋዮ ነበሩ። ወይዘሮ ኦዴሊያ የተጻፈውን አጎንብሰው አዩት።

“ሃርሊስ፣ ይሄ ምንድን ነው? ስሜ ነው ወይስ ዶሮ ሄዶበት ነው?”

“ሚስ ኦዴሊያ፣ እጄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጽፍ ደክሞ ነው።”

“እጅህ ስምንት ዓመት ሆኖህም ደክሞት ነበር። ተነሥ፣ ወዲያ በል፣ እኔ ልጻፈው።”

ተቀመጡ። በዚያ ወንበር እንደተቀመጡ ቀሩ። የመጡበትን ሸራ የወሰዱት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሁላችንም ረስተነው ነበር፤ እሳቸውም አላስታወሱንም።

ሴፕቴምበር 6። በዚህ ቀን የተደረገውን ሳንሸፋፍን እንገልጻለን። ቤተ ክርስቲያናችን ከአያቶቻችን ጀምሮ የምትኮራበት አንድ ልማድ አላት። የማኅበር ምሳ በሚሆንበት ቀን፣ ያበሰሉ እናቶችና ሳህን ያመላለሱ ወንዶች የመጨረሻው እንግዳ በልቶ ሳይነሣ አፋቸው ላይ ምንም አያደርጉም። ድስቱ ተጠርጎ ካለቀም ዳቦ ቆርሰው በቀረው መረቅ እየጠቀሱ፣ በራሳቸው እየሳቁ ይበላሉ። ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባው ይህንኑ ልማድ ማዕከሉ በየተራው ለሚያደርገው የቤት ጥገና አዋለው፤ በማዕከሉ የሚያገለግል ሁሉ የቤቱ የተራ ካርድ ከሕዝቡ ካርድ ሁሉ ኋላ እንዲቀመጥ ወሰነ። የኮሚቴው ሰባት አባላት በሙሉ ደግፈው እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤ ይጽፉ የነበሩት ወይዘሮ ኦዴሊያ ድምፅ ባይኖራቸውም ብዕራቸውን አስቀምጠው ስምንተኛ ሆነው እጃቸውን አወጡ። ሁላችንም ነገሩ ከሁለት ወር አያልፍም ብለን ነበር።

ስሕተታችን ይህ ነው። የማኅበር ምሳ ላይ የመጨረሻ የሚባል እንግዳ አለ፤ በልቶ፣ አመስግኖ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይሄዳል። የጣሪያ ሰልፍ ላይ ግን የመጨረሻ ሰው የሚባል አልመጣም። ከሮዛሊ በኋላ ባለው ዓመት ሌላ ማዕበል መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ከአጎራባች ወረዳዎች ሰው ይጎርፍ ጀመር። በእያንዳንዱ አዲስ ስም የወይዘሮ ኦዴሊያ ካርድ አንድ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር፤ አዲሱን ስም የሚጽፉትም፣ የራሳቸውን ካርድ ከኋላው የሚያስገቡትም እሳቸው ነበሩ። ይህን ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አደረጉ።

ጃንዋሪ 14፣ የሁለተኛው ዓመት። የቤታቸው ሸራ በንፋስ ተተልትሎ ሻጋታው መኝታ ቤት ስለገባ፣ ኮሚቴው ለጊዜው በሰንበት ትምህርት ሕንፃ ሦስት ቁጥር ክፍል እንዲያርፉ ፈቀደላቸው። “ለጊዜው” የሚለው ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ እስካሁን አለ። ስለ ክፍሉ ወይዘሮ ሮሼል በዝርዝር እንድንጽፍ ስላዘዙን እንጽፋለን። ግድግዳው ላይ የኖኅ መርከብና እንስሳቱ ተስለዋል። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ አዋቂ ሲቀመጥባቸው ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። መስኮቱን እኛው ራሳችን ለሚቀጥለው ማዕበል ብለን በጣውላ መትተነው ነበር፤ ሳንነቅለው ቀጣዩ ማዕበል መጣ፣ ከዚያም መንቀሉ አያስፈልግም ብለን ተውነው። የሕፃናት ክፍል ከውስጥ አይቆለፍም በሚለው ደንብ መሠረት በሩ ቁልፍ የለውም። የምሳው ሰልፍ የሚያልፈው በዚሁ በር ፊት ነው። በተለይ ሰኞ ሰኞ፣ ቀይ ባቄላና ሩዝ በሚቀርብበት ቀን፣ ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ በሩን ሲደገፈው በሩ በራሱ ይከፈት ነበር። ወይዘሮ ኦዴሊያ ልብሳቸውን የሚቀይሩት ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብተው ነበር።

እኛ ይህን እያየን “እናታችን ከእኛ ጋር ይኖራሉ” እንል ነበር። እሳቸው ምን ይሉ እንደነበር ያወቅነው አሁን፣ ከአቶ ኦርቪል ቡክሃርት ነው። አቶ ኦርቪል በየዓመቱ ከብርዱ ወራት እስከ ሜይ ድረስ ከካንሳስ አናጺዎች ይዘው እየመጡ ቤት የሚጠግኑልን የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። ለእሳቸው እንዲህ ብለዋቸው ነበር፦ “እኔ እኮ የምነጫነጭበት ቦታ እንኳ የለኝም፣ ኦርቪል። አንድ ቀን ፊቴን ባጠቁር ሰልፈኛው ሁሉ ተራዬ ተሰረዘ ብሎ ይደነግጣል። ሦስት መቶ ሰው እያየኝ ነው ቁርሴን የምበላው፤ ሦስት መቶውም ስለ ጣሪያው እያሰበ ነው የሚያየኝ።”

ማርች፣ የሁለተኛው ዓመት። በዚህ ወር ከአገልጋዮች አንዳንዶቹ የደንቡን ቀዳዳ አገኙ። አገልግሎት የተወ ሰው አገልጋይ አይደለምና፣ ካርዱ መጀመሪያ በተመዘገበበት ቀን ተራ ይመለስለታል። አራት ሰዎች እንዲህ አድርገው ወጡ። ከአራቱ አንዱ በአንድ ረቡዕ ቀን ተሰናብተው በሚቀጥለው ወር ጣሪያቸው የተሠራላቸው፣ ከዚያም ተመልሰው ማገልገል የጀመሩት የዛሬው የኮሚቴ ጸሐፊ፣ ዲያቆን ሃርሊስ ጋዮ ናቸው። ይህን መግለጫ የጻፉት እሳቸው ሲሆኑ ስማቸው በዚህ ቦታ እንዲገባ የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። የአራቱንም ካርድ ከኋላ አንሥተው ወደ ፊት ያስገቡት ወይዘሮ ኦዴሊያ ናቸው። ለዲያቆን ሃርሊስ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ዝናብ ሲመጣ አስበኝ” ብለዋቸዋል። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

በዚያው ወር መጨረሻ ወይዘሮ ኦዴሊያም የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ሁለት መስመር ነበር። ኮሚቴው “በምስጋና ተቀብሎ፣ ተተኪ እንደተገኘ ተግባራዊ እንዲሆን” ወሰነ። ተተኪ እንዲፈልግ ግን ማንም አልታዘዘም። ፓስተር ዱሴ በግል ጠርተው አነጋገሯቸው።

“ሚስ ኦዴሊያ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ይታገሡን።”

“የትኛው ፋሲካ እንደሆነ ጽፈህ ስጠኝ፣ ካልቪን።”

ፓስተሩ ስቀው እጃቸውን ሳሟቸው። የጻፉላቸው ነገር የለም።

ኖቬምበር 19፣ የሦስተኛው ዓመት። ማዕከሉ ለወይዘሮ ኦዴሊያ የክብር ምሽት አዘጋጅቶ የምስክር ወረቀትና በስማቸው የተቀረጸ ሳህን ሸለማቸው። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሁለተኛው የመልቀቂያ ደብዳቤ በዚያ ሰዓት ቦርሳቸው ውስጥ እንደነበር በኋላ ተረድተናል። ጭብጨባው ሲያበቃ ለፓስተሩ ሰጧቸው። ፓስተሩ የምስጋና ቃል መስሏቸው ሳይከፍቱት ኮት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት። ደብዳቤው የተነበበው ኮቱ ለፋሲካ ሲወጣ ነው። በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ አልተመዘገበም።

አንባቢ ለምን ዝም ብለው ጥለው አልሄዱም ይል ይሆናል። እኛም ራሳችንን ጠይቀናል። ከዘጠኝ መቶ የሚበልጡ ካርዶች ነበሩ፤ የየትኛው ቤት እመቤት ልጅ ታቅፋ ተጎታች ቤት ውስጥ እንደምትኖር፣ የየትኛው አዛውንት የኦክስጅን ማሽን መብራት እንደሚፈልግ በቃላቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከሁሉም በላይ በየእሑዱ ከመድረክ ስማቸውን እየጠራን እናመሰግናቸው ነበር። እንዲህ እየተመሰገነ ያለ ሰው በጓሮ በር መውጣት አይሆንለትም። ያመሰገንናቸው ከልባችን ነው፤ በሩን የዘጋንባቸውም በዚያው ምስጋና ነው።

ኤፕሪል፣ የአራተኛው ዓመት። አቶ ኦርቪል የፔሊካን ስርጡን ቤት ዞረው አይተው እንዲህ አሏቸው፦ “አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ቤት እኮ አልሞተም። ዊልፍሬድሽ ምሰሶ ሲተክል እንደ መርከብ ነው የተከለው። ስምንት ሰውና አሥር ቀን ስጪኝ፣ አስገባሻለሁ።”

“ኦርቪል፣ የሰው ተራ ሰርቄ ከገባሁ በኋላ በየትኛው ዓይኔ መስኮት ከፍቼ ጎረቤት ሰላም እላለሁ?”

“እሺ፣ አትክፈቺው። እኔ ግን መስኮቱን እሠራዋለሁ።”

አቶ ኦርቪል በዕረፍት ቀናቸው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዎች ይዘው ሄደው ስድስት ቆርቆሮ መቱ። ሰኞ ጠዋት ከሰልፉ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ “የመዝገቧ እመቤት ጣሪያ ወጣ አሉ፤ የእኛስ መቼ ነው?” አለ። ሰውየው በኋላ እንደነገረን ለጨዋታ ነው የተናገረው። ወይዘሮ ኦዴሊያ ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ በእግራቸው ፔሊካን ስርጥ ድረስ ሄደው መሰላሉን ራሳቸው አወረዱት፤ ሥራውም በዚያው ቆመ። በሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ውስጥ ጠረጴዛቸውን በሥራ ሰዓት ትተው የሄዱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሜይ 14። የወረዳው አስተዳደር በቁጥር 14 በር ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ቤቱ እስከ ጁን 30 ለመኖሪያ ብቁ ካልሆነ ይፈርሳል የሚል ነው።

ሜይ 20። ወይዘሮ ኦዴሊያ ቀዩን ወረቀትና ሦስተኛውን ደብዳቤ ይዘው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ቃለ ጉባኤውን እሳቸው ስለሚይዙ የተናገሩት በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል፦

“ከሁለት አንዱን አድርጉልኝ። ወይ ከዚህ ወንበር አንሡኝና እንደማንኛውም ሰው ልሰለፍ፤ ወይ ደንቡን ለእኔ አንድ ጊዜ ጣሱልኝ። ሁለቱንም እኔ በራሴ ማድረግ አቃተኝ። ያን ቀን እጄን አውጥቻለሁ። አሁን የእናንተን እጅ ነው የምለምነው።”

ፓስተር ዱሴ ሲመልሱ “ሚስ ኦዴሊያ፣ እርስዎ ለዚህ ሁሉ ሰው ምሳሌ ነዎት። ለእርስዎ ከጣስነው ነገ ሕዝቡን በምን አፍ ታገሡ እንላለን?” አሉ። ይህንንም ወይዘሮ ኦዴሊያ ጻፉት። ኮሚቴው ጉዳዩን አጥንቶ እስከ ጁን 15 ሪፖርት የሚያቀርብ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ እንዲሆኑ፣ ጽሑፋቸው ስለሚነበብ፣ ወይዘሮ ኦዴሊያ ፕሪጃን በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። በዕለቱ ግን ማንም አልሳቀም፤ ማንም አላፈረም። ቀጣዩ አጀንዳ የጄኔሬተር ነዳጅ ነበር።

ጁን 11። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ገደማ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ሳለ ወይዘሮ ኦዴሊያ አንድ ስም ጠሩና ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ሰልፈኛው የሚጸልዩ መሰለው። ተራውን ለቆ የሄደ ሰው ከኋላ እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ቀርቦ የነካቸው የለም። እንዲህ ለደቂቃዎች ተቆየ። በኋላ ስማቸው የተጠራው አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው “ሚስ ኦዴሊያ፣ ጠርተሽኝ ዝም አልሽ እኮ። መጥቻለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ” አሉ። ነገሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አምቡላንስ ቢጠራም ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

ጁን 13። በሜይ ወር ወደ አገራቸው ተመልሰው የነበሩት አቶ ኦርቪል ቡክሃርት ሰባት ሰዎች በሁለት መኪና ጭነው፣ ኮሚቴውን ሳያስፈቅዱ ከካንሳስ መጡ። በማዕከሉ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆመው የተናገሩትን ሁላችንም ሰምተናል።

“ደንባችሁ የሚከለክለው የሚያገለግለውን ሰው ነው፣ አይደል? እሷ እንደሆነ አሁን እያገለገለች አይደለችም። ቆርቆሮውን ከየትኛው መጋዘን ላውጣ?”

ዲያቆን ሃርሊስ የመጋዘኑን ቁልፍ አወጡላቸው።

በማግስቱ ሥራው ቦታ ላይ የተገኘው ሰው ስድሳ ደረሰ። ወለሉን ያነጠፉ፣ ጂፕሰሙን የመቱ፣ የመብራት ሽቦ የዘረጉ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው በወይዘሮ ኦዴሊያ እጅ የተጻፈ፣ ቤታቸው ተሠርቶ ያለቀ ናቸው። ያን ሰኞ ከሰልፉ ለጨዋታ የተናገረው ሰውም የመጣው ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲቀባ ዋለ። ጁን 21 ቀን የወረዳው ተቆጣጣሪ ቤቱን ዞሮ አይቶ ቀዩን ወረቀት ከበሩ አነሣ።

ሥራው የፈጀው ዘጠኝ ቀን ነው።

ኮሚቴው ከዚህ በፊት ለምን እንዳልተሠራ መርምሯል። ቆርቆሮው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መጋዘናችን ውስጥ ነበር። ጣውላውም፣ ምስማሩም ነበር። አናጺዎቹ በየዓመቱ እየመጡ፣ ሥራ በማይኖርበት ቀን በአዳራሹ ውስጥ ዶሚኖ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። ያልነበረ ነገር ፈልገን አላገኘንም። እጃችንን ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብን፤ አላወጣንም። ስለዚህ ለወይዘሮ ሮሼል እናታቸውን ስላጡ አዝነናል ብለን ማለፍ አይበቃንም። በደለኞች ነን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የአገልጋዮች ካርድ ከሕዝቡ ኋላ ይቀመጥ የሚለው ደንብ ጁን 20 ቀን በአምስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተሽሯል። እስከዚያው ቤታቸው ሳይሠራ ሲያገለግሉ የቆዩ ሌሎች አምስት ሰዎች ካርድ ወደ ቦታው ተመልሷል። የማኅበር ምሳው ልማድ እንዳለ ይቀጥላል።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱን በተመለከተ፣ አስከሬናቸው ጁን 24 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት በፔሊካን ስርጥ ቁጥር 14፣ በቤታቸው ሳሎን ያርፋል። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ተደርጎ ከባለቤታቸው መቃብር ጎን ይቀበራሉ። ከቀብር በኋላ ሕዝቡ የሚስተናገደው በቤታቸው ግቢ ነው፤ በአዳራሹ እንዳይሆን ቤተሰቡ ጠይቋል። የማዕከሉ አገልጋዮች የደንብ ሰደርያቸውን ሳይለብሱ፣ እንደ ጎረቤት ሆነው እንዲመጡ እናሳስባለን። ስርጡ ጠባብ ስለሆነ መኪና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማቆም ይቻላል።

ለወይዘሮ ሮሼል ፕሪጃን፣ ለቤተሰባቸው በሙሉ፣ ከሩቅ መጥተው ወዳጃቸውን ላጡት ለአቶ ኦርቪል ቡክሃርትና ለባልደረቦቻቸው፣ በጁን 11 ሰልፍ ላይ ቆመው የነበሩና እስካሁን እንቅልፍ አጥተናል ለሚሉን ወገኖቻችን ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ። እሳቸውንም እርሱ ራሱ ወደ ቤቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን።

በመጨረሻም፣ ኮሚቴው ሦስት ቁጥር ክፍልን “የኦዴሊያ ፕሪጃን መታሰቢያ ክፍል” ብሎ ለመሰየምና በሩ ላይ የስም ሰሌዳ ለመስቀል በሙሉ ድምፅ ወስኖ ነበር። ሰሌዳውም ተቀርጾ መጥቷል። ውሳኔውን ለወይዘሮ ሮሼል ስናሰማቸው እንዲህ አሉን፦

“እናቴ ከዚያ ክፍል ልውጣ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈችላችሁ። አሁን እሷ ወጥታለች። እባካችሁ፣ ስሟንም አስወጡልኝ።”

በጥያቄያቸው መሠረት ሰሌዳው አይሰቀልም። ክፍሉ ሦስት ቁጥር ተብሎ ይቀጥላል።

የሰራፕታ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአደጋ ጊዜ እርዳታ ማዕከል
ሥራ አመራር ኮሚቴ
ፖይንት ቪዳል፣ ሉዊዚያና
ጁን 22